«አይከዳም» ስለሚባለው አሮጌ ሽጉጥ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በማክበር እለምናለሁ። ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ቢመስልም የብዙ ቤት ጉዳይ ስለሆነ ለሌሎች ወንድሞችና እኅቶች ትምህርት ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

እኔ በጦር ኃይሎች ሰፈር ያደግሁና አሁንም እዚያው የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሰፈራችን ስሙን ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል ጋር የሚጋራ፤ በጡረታ ያሉ ወታደሮችም የሚበዙበት ነው። ስለዚህ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ የመሣሪያ ጨዋታ አይጠፋም። የጨዋታውም መደምደሚያ ዘወትር አንድ ነው፤ «የዱሮ ሽጉጥ ብረት ነው፤ አይከዳም፤ የዛሬው ፕላስቲክ ነው» ይባላል። እኔም ይህን እየሰማሁ አድጌ እስካለፈው ዓመት ድረስ ሳልጠራጠር አምኜው ኖሬአለሁ።

አባባሉ ሐሰት ነው ለማለት አልተነሣሁም። የዱሮዎቹ ሽጉጦች ገላቸው በሙሉ ከብረት የተሠራ በመሆኑ ከባድ ናቸው፤ ክብደታቸውም ጥቅም አለው። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ መሣሪያው ወደ ኋላ እንደሚገፋ ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቃሉ፤ መሣሪያው በከበደ መጠንም ግፊቱ በእጅ ላይ ይቀላል። ስለ ጥንካሬአቸውም ምስክር አለ። ኮልት የተባለው የአሜሪካ ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ1911 በተደረገለት ፈተና 6,000 ጥይት ያለ አንዳች እንቅፋት ተኩሶ ስላለፈ በዚያው ዓመት ለሠራዊቱ ተመርጦ እስከ 1985 ድረስ ዋና ሽጉጥ ሆኖ አገልግሏል። በአገራችን በብዙ የሚታወቀው ማካሮቭም የሶቪየት ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው የብረት ሽጉጥ ነው፤ ዛሬም በብዙ ሰው ወገብ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ባለፈው ዓመት አባቴ ዐረፈ። ሐዘናችን ጋብ ካለ በኋላ ሣጥኑን ስንከፍት ከጡረታ ወረቀቶቹ በታች በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ ሽጉጥ አገኘን። አያቴ በጠላት ወረራ ዘመን ከጣሊያን የማረኩት ቤሬታ መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ የኖርነው ነው። በጎኑ ላይ 1938 የሚል የፈረንጅ ዓመት፤ አጠገቡም የፋሽስቶቹ ዘመን መቁጠሪያ የነበረው 16 ቁጥር በሮማውያን አጻጻፍ ተቀርጾበታል። ከሰማንያ ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን ገላው ዝገት የሚባል አልነካውም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ሽጉጡን አንሥቶ ካርታውን ካወጣ በኋላ «ይኸው ባዶ ነው» አለና ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጁ «የቅድመ አያትህን ጀግንነት እይ» ብሎ ሰጠው። ልጁም እንደ ልጅ ተደስቶ አፈሙዙን ወደ እኅቱ አዞረ። ከእኛ ጋር ተቀምጠው የነበሩ አንድ ጎረቤታችን፤ በሠራዊቱ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የመሣሪያ ጠጋኝ የነበሩ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ከልጁ እጅ ወሰዱት። አፈሙዙን ወደ ወለሉ አድርገው ቢያቀባብሉት አንድ ጥይት ከውስጡ ወጥታ ምንጣፉ ላይ ወደቀች።

በቤቱ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ወንድሜ ላብ አጠመቀው። ሃምሳ አለቃውም ጥይቷን አንሥተው «ልጆቼ፤ ይህ ሽጉጥ አይከዳም ስትሉ ሰምቻለሁ። እውነታችሁን ነው፤ አይከዳም። ምላጩ ቢሳብ ኖሮ ዛሬ ሌላ ለቅሶ እንቀመጥ ነበር» አሉን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

በማግስቱ ሽጉጡን ፈታተው ሲያሳዩን ብዙ ነገር ተማርሁ። አንደኛ፤ ካርታውን ማውጣት መሣሪያውን ባዶ አያደርገውም። የጎረሰው ጥይት እዚያው ስለሚቀር፤ እንደዚህ ያሉ ብዙ የዱሮ ሽጉጦች ካርታቸው ወጥቶም ይተኩሳሉ። ሁለተኛ፤ የዚህ ቤሬታ መጠበቂያ የሚያግደው ምላጩን ብቻ ነው፤ መምቻውን አያግድም። ቶካሬቭ የሚባለው የሩስያ ሽጉጥማ መምቻውን ከግማሽ መንገድ ከማቆም በቀር ሌላ መጠበቂያ ሳይኖረው የተሠራ ነው። የኦስትሪያ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1982 የተቀበለው፤ ሰዎች «ፕላስቲክ» እያሉ የሚንቁት ግሎክ ግን ምላጩ እስካልተሳበ ድረስ ጥይቱን የሚመታውን መርፌ የሚይዝ ማገጃ በውስጡ አለው። ስለዚህ ቢወድቅ የትኛው ይበልጥ እንደሚያሰጋ አንባቢ ይፍረደው።

ሦስተኛ፤ የብረቱ ገላ ዕድሜ የሌሎቹ ክፍሎች ዕድሜ አይደለም። የካርታው ሞላ ዝሎ ጥይቱን በደንብ አያነሣም ነበር። ከሣጥኑ የተገኙት ጥይቶችም አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። ሃምሳ አለቃው እንደ ነገሩን፤ ባሩዱ እርጥበት የነካው ጥይት አንዳንድ ጊዜ ይከሽፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ኃይሉ አንሶ አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል። ሰውየው ይህን ሳያውቅ ሁለተኛ ቢተኩስ መሣሪያው በእጁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። እንግዲህ «አይከዳም» የምንለው ሽጉጥ ለባለቤቱ ሊከሽፍበት፤ በሕፃን እጅ ግን ሳይከሽፍ ሊተኩስ ይችላል ማለት ነው።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህራችን ማናቸውንም መኪና ከፍተን ውስጡን ሳናይ ደኅና ነው ብለን እንዳናወራ ይከለክሉን ነበር። እኔ ይህን ትምህርት ለሰዓትና ለራዲዮ ስሠራበት ኖሬ ለአባቴ ሽጉጥ ግን ረሳሁት። ምክንያቱም ያየነው መሣሪያውን ሳይሆን የአያታችንን ክብር ነበር። የአርበኛ ክብር ግን የሞላን ድካም አይጠግንም።

የሕጉም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ሣጥኑ ውስጥ ያገኘነው ወረቀት በአባቴ ስም ነበር፤ አባቴ ደግሞ አልፏል። ስለዚህ እኔ ሽጉጡን ከነወረቀቱ ለፖሊስ እናስረክብ አልሁ፤ ወንድሜ ግን «የአያታችንን አጥንት አሳልፈህ ልትሰጥ ነው» ብሎ ተቆጣኝ። እናታችን «ጥይቷ የወደቀችበትን ምንጣፍ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይርዳል» ባለች ጊዜ ነገሩ ተቆረጠና አስረከብን። ወንድሜ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር እንደ ቀድሞው አይጫወትም። ይህን የምጽፈው እርሱን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ብሆን ሃምሳ አለቃው ባይኖሩ ኖሮ ሽጉጡን መልሼ ሣጥኑ ውስጥ እንደማኖረው አውቃለሁና።

እንግዲህ በእኔ በኩል ሁለት አሳብ አለኝ። የመጀመሪያው ለቤተሰብ ነው። የወላጅ ሣጥን ሲከፈት ሽጉጥ የተገኘ እንደ ሆነ ማንም «ባዶ ነው» ብሎ አያንሣው፤ ልጆቹ ይራቁ፤ ሣጥኑ ይቆለፍ፤ ለፖሊስም ይነገር። ሁለተኛው ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ነው። የአሮጌ መሣሪያ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲታደስ የተቀረጸበትን ቁጥር ከመዝገብ ጋር ማስተያየት ብቻውን አይበቃም፤ ባለሙያ ሞላውን፤ መጠበቂያውንና ጥይቱን ቢመረምር መልካም ነው። እንዲህ ያለ ሙያ ያላቸው ጡረተኞች በሰፈራችን አሉ፤ ቢጠየቁ ደስ እያላቸው እንደሚያግዙ አልጠራጠርም።

የጽሕፈት ቤት ሰው የሆናችሁ አንባብያን ማኅተሙ አምሮ ውስጡ የተሳሳተ ደብዳቤ አይታችሁ ታውቃላችሁ። የአያቴም ሽጉጥ እንደዚያ ነበር። ብረቱ ያማረና የታመነ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም መታመኑ ነው፤ የሚታመነው ምላጩን ለሳበ ጣት ሁሉ ነውና፤ ጣቱ የሕፃን ይሁን የአዋቂ አይለይም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መምህር፤ ከጦር ኃይሎች