መጀመሪያ ንባቡ፣ ከዚያ አንድምታው

በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው፣ ከዓመት በፊት በጥቅምት 1966 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ተላልፎ የወሎን ረሀብ ለዓለም የገለጠው ፊልም ነበር። አዲስ አበባ ያየችው ግን ለንደን ያየችውን አይደለም። ደርግ በረሀብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥቱን ድግስ፣ ሻምፓኙንና ሥጋ የሚጣልላቸውን የንጉሡን ውሾች አስገብቶበታል። በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያወረዳቸው ፊልሙ ነው ማለት የወራቱን አድማና የሠራዊቱን እንቅስቃሴ መርሳት ይሆናል። ሆኖም የዚያ ምሽት ከባዱ ክስ የወጣው ከሰው አንደበት አልነበረም፤ የከሰሰው ቅጥሉ ነው። የተራበው ሕፃን እውነት ነው፣ ውሻውም እውነት ነው። «የዚህን ጉርሻ ለዚያ ሰጡት» የሚለው ሦስተኛ ነገር ግን ከሁለቱ ምስሎች በአንዱም ውስጥ የለም፤ የተወለደው መቀሱ ባገናኛቸው ቦታ ነው። የሶቪየቱ የፊልም መምህር ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት የአንድ ተዋናይን ያልተለወጠ ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር እየቀጠለ ቢያሳይ፣ ተመልካቹ ረሀብ፣ ሐዘንና ፍቅር አነበበበት ይባላል። ክሱ ፍትሐዊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ለሌላ ቀን ይቆየን። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ቅጥሉን ከምስሉ ለይቶ የሚያይ ተመልካች ከየት ይመጣል የሚለው ነው።

ጥያቄው በደቡብ ጎንደር ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ከሌላው የበለጠ ይቀርበዋል። ላይ ጋይንት ከወሎ ጋር ይዋሰናል። በጥቅምት 1977 የቢቢሲ ካሜራ ከቆረም ባወጣው ምስል ዓለም የደነገጠበት ያ ረሀብ የወረዳ ወሰን አይቶ የቆመ አልነበረም። ከ1997 ዓ.ም. በኋላም የጋይንትና የስማዳ ስም በሪፖርትና በዜና የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከሴፍቲኔት ጋር ነው፤ በነሐሴ 2013 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ሲገባ ስሟ የጦርነት ዜና ሆነ። እነዚህ ምስሎች ሐሰት አይደሉም። ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቀርጿቸው፣ ሌላ ሰው ቆርጧቸው፣ ሌላ ሰው ድምፅ ጨምሮባቸው ይመለሳሉ። የተሰነጠቀ መሬት፣ የእህል ሰልፍ፣ ከጀርባ የሐዘን ዋሽንት። የጉና ውርጭ፣ ድንቹና ገብሱ፣ ሙግቱና ቀልዱ ከመቀሱ በታች ይቀራል። ይህን ለማረም ብዙ ሰው የሚመክረው «እኛም እንቅረጽ» የሚል ነው። ልክ ነው፣ ግን ይጎድለዋል። ምስል ማንበብ ያልተማረ ቀራጭ ካሜራውን ሲይዝ የሚደግመው ያንኑ የለመደውን ምስል ነው፤ ዋሽንቱን ሳይቀር።

ስለዚህ ወጣቱ ሊማር የሚገባው ቀረጻን ብቻ ሳይሆን የቪዲዮ ሒስን ነው እላለሁ፤ ፊልምን በራሱ ምስል፣ ዜናን በራሱ ቅጥል የሚተች አጭር ቪዲዮ መሥራትን። በአማርኛ የፊልም ሒስ ከተባለ በጋዜጣ ታሪኩን አሳጥሮ ተዋናዩን ማመስገን ወይም መንቀፍ ሆኖ ኖሯል። በዩቲዩብና በቴሌግራም ደግሞ የውጭ ፊልምን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ የሚተርኩልን በርክተዋል። ሙያቸውን አልንቅም፤ ምስልን ከድምፅ ማስማማት ያውቃሉ። ነገር ግን ትረካ ምን ሆነ ይላል፤ ሒስ የሚጠይቀው እንዴት ተደርጎ ነው እንዲህ የተሰማን ብሎ ነው። ልዩነቱን ለማየት ቪዲዮ ቤት ያደገ ሁሉ የሚያውቀውን ጃኪ ቻንን እንውሰድ። ቶኒ ዡና ቴይለር ራሞስ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በሠሩት አጭር ቪዲዮ የሆንግ ኮንግ ፊልሞቹንና የሆሊውድ ፊልሞቹን ጎን ለጎን አስቀመጡ። በሆንግ ኮንጎቹ ቡጢውና የቡጢው ውጤት በአንድ ምስል ውስጥ ይታያሉ፤ በሆሊውዶቹ በመካከላቸው መቀስ ይገባል። ለዓመታት «የድሮዎቹ ይሻላሉ» ሲባል የኖረው ስሜት ምክንያቱን በዓይን አገኘ። ይህን በጽሑፍ ማስረዳት ይቻላል፤ አንባቢው ግን ማመን እንጂ ማየት አይችልም።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት ከባሕር ማዶ የሚገባ እንግዳ ነገር ይመስለን ይሆናል። አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ የአንድምታ ጉባኤ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ ንባቡ ይባላል፣ ሳይጎድል ሳይጨመር፤ ከዚያ ትርጓሜው ይከተላል፤ «አንድም» እየተባለ ሌላ ፍቺ ይደረብበታል፤ የቀደመው ፍቺም አይሰረዝም። ንባቡን ሳያሰማ የሚተረጉም መምህር የለም። ጋይንት ራሱ የጆሮ ሊቃውንት አገር ነው፤ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው፤ እስቴም ቆማ ፋሲለደስ አለው። ያው ድጓ በቤተልሔም ስልት ሲዜምና በቆማ ስልት ሲዜም፣ ቃሉ ሳይለወጥ ስልቱ ምን እንደጨመረ የሚለይ ጆሮ እዚያ በዓመታት ይሠራል። ያው ምስል በተለያየ አቆራረጥ ምን እንደሚል የሚለይ ዓይንም በዚሁ ዓይነት ትዕግሥት የሚሠራ ነው። (ስለ ኢትዮጵያ ጥበብ በተወራ ቁጥር ሰምና ወርቅ መጥራት ልማድ ሆኗል። ለዚህ ጉዳይ ግን ከተሸሸገው ወርቅ ይልቅ በአደባባይ የሚነበበው ንባብ ይጠቅመናል።)

ለምሳሌ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንመልከት፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም። ባለርስቱ ከፍታ ላይ ወንበሩን አስደግፎ ቁልቁል ይጮኻል፤ ገበሬዎቹ በሰፊው እርሻ ውስጥ ነጠብጣብ ያህል ሆነው ይታያሉ። ጽሑፍ «ፊልሙ የጭሰኛውን ጭቆና ያሳያል» ብሎ ያልፋል፤ ይህንንማ ከርዕሱም መገመት ይቻላል። የቪዲዮ ሐያሲ ግን ከወንበሩ የሚታዩትን ምስሎች ብቻ ለቅሞ ቢደረድርና ድምፁን ቢያጠፋ፣ ጌትነት በዚህ ፊልም ውስጥ በመጀመሪያ የርቀት ጉዳይ መሆኑ ይወጣል። ከዚያ ካሜራው ወደ ገበሬው ፊት የሚጠጋበትን ጊዜ ፈልጎ ቢቀጥልበት፣ ፊልሙ ለማን እንደሚያደላ ይገለጣል። አንድም፣ እነዚያን የርቀት ምስሎች ከእርዳታ ዘገባ የርቀት ምስሎች ጎን ቢያኖራቸው ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ ያኛውስ ካሜራ የተቀመጠው በማን ወንበር ላይ ነው?

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንዱ ቅንጦት ነው የሚለው ነው፤ እህልና ሰላም በቸገረበት አገር የፊልም ሒስ ምን ያደርጋል? ነገር ግን እህሉም ሰላሙም የሚለመነው፣ የሚሰጠውም የሚነፈገውም በምስል በሆነበት ዘመን ምስልን መመርመር ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። ኢንተርኔት የለም የሚለው ሁለተኛው ነው። እውነት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በብዙ ቦታ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። የቪዲዮ ሒስ ግን ለመሥራትም ለማየትም ኔትወርክ የግድ አይፈልግም። ፊልም ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ ሲዞር ኖሯል፤ ስልክ ላይ መቁረጥና መቀጠል የሚችል ወጣት በየሰርግ ቀራጩ ቤት አለ። የባለቤትነት መብትም ቢሆን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ምንጩንና የሠሪውን ስም ገልጾ በልክ መጥቀስን አይከለክልም።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው። መቀሱን ማስተማር ማታለልን ማስተማር ነው፤ የመስከረም 1 ምሽቱን የሠሩትም ጥሩ ቆራጮች ነበሩ። ይህን ስጋት አላጣጥለውም። ለሒስ የሰለጠነ እጅ ለቅስቀሳም ይሠራል፤ ጥላቻ የሚዘሩት የዛሬ አጫጭር ቪዲዮዎችም በድንቁርና የተቀጣጠሉ አይደሉም። ሆኖም ቆራጮቹ ሥራውን እስከማወቅ ደርሰዋል፤ ያልሰለጠነው ተመልካቹ ብቻ ነው። የአንድምታው ሕግ እዚህ ላይ መጠበቂያ ይሆናል። ሐያሲው የሚተቸውን ትዕይንት መጀመሪያ ሳይቆርጥ ያሳያል፣ ከየት እንዳመጣው ይናገራል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መቀሱን ያነሣል። ደርግ ያን ምሽት የዲምብልቢን ፊልም እንዳለ አሳይቶ፣ ቀጥሎ የድግሱን ምስል «ይህን የጨመርነው እኛ ነን» ብሎ ቢያሳይ ክሱ ክስ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ተመልካቹም ዳኛ።

ማስተማሩን በተመለከተ፣ በሶፍትዌር ሥልጠና መጀመሩን አልደግፍም። የቅኔ ተማሪ በስምንት ቤቱ መወድስ አይጀምርም፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ነገም ሌላ ይዞ ይቀርባል። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክበብም አንድ ስልክና አንድ ፍላሽ ይዞ በሁለት ምስል ሊጀምር ይችላል። አንዱ ምስል ከሚወዱት ፊልም፣ ሌላው ከዜና፤ ርዝመቱ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ፣ የራሳቸው ድምፅ ያለበት። አራሚው መምህር ፊልም ሠሪ መሆን አይጠበቅበትም። የአማርኛ መምህሩ ይበቃል፤ «ይህን ያለው ምስሉ ነው ወይስ አንተ?» ብሎ እስከጠየቀ ድረስ።