እርዳታው ከየት ይገዛ?

ሞያሌ ላይ ቦሎቄና በቆሎ የምንነግድ ሰዎች ስለ እርዳታ ሲወራ ዝም እንላለን። «ነጋዴ ምን አገባው» እንዳንባል ነው። ግን ያገባናል።

የ1994ን በቆሎ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። በተከታታይ ጥሩ ምርት ተገኘ፤ ገበያው አልቻለውም፤ ዋጋው ወደቀ። የማጓጓዣውን እንኳ አልመልስ ስላለ እህሉን ማሳ ላይ የተወ ገበሬ ነበር። የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልተወውም። በቀጣዩ ክረምት ብዙው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ቀነሰ፤ በላዩ ላይ ዝናቡ ጠፋ። በ1995 ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ፤ እህሉም ከባሕር ማዶ በመርከብ መጣ። መምጣቱን አልቃወምም፤ የተራበ ሰው የስንዴውን አገር አይጠይቅም። የሚያንገበግበኝ፣ ያ የረከሰ በቆሎ በጊዜው በደህና ዋጋ ተገዝቶ ለክፉ ቀን ቢቀመጥ ኖሮ ገበሬውም መሬቱን ባልቀጣ ነበር የሚለው ነው።

ይህ ሕልም አይደለም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው አሠራር ከአገራችን የገበሬ ዩኒየኖች ጋር ምርት ከመድረሱ በፊት የበቆሎ ግዢ ውል ፈርሟል። ዩኒየኖቹም ውሉን አሳይተው ከባንክ ተበደሩ። ለኔ እርዳታ ማለት ይሄ ነው፤ የተራበውም ይበላል፣ ያረሰውም ይሸጣል።

ስለ ነቀዝም ልናገር፣ ሥራዬ ነውና። ገበሬው በታኅሣሥ በርካሽ የሚሸጥልን ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ዕዳ አለበት፣ ከቆየም ነቀዝ ይበላበታል። ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ ያለው አየር የማያስገባ ከረጢት ግን ነቀዙን ያለ መድኃኒት አፍኖ ይገድለዋል። ዋጋው ከተራው ማዳበሪያ ከረጢት ይወደዳል። ረጂዎች በነጻ ከሚያድሉት በወረዳው ሱቅ እንዲገኝ ቢያግዙ ይሻላል፤ በነጻ የመጣ ነገር ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

እኛስ? ከበቆሎ ቀጥሎ ቦሎቄ የተዘራበት መሬት ጉልበቱን ያድሳል፤ ገበሬው ግን የሚዘራው ገዢ እንዳለው ሲያውቅ ነው። ኬንያ ቦሎቄውን ትፈልገዋለች። ዘንድሮ ከአንድ ማኅበር ጋር ከዘር በፊት ተነጋግሬ፣ ከዚህ በታች አልወርድም ያልኩትን ዋጋ በወረቀት አስፍሬያለሁ። ገበያው ከዚያ ከወረደ ኪሳራው የኔ ነው። ባለቤቴ አልወደደችውም፤ አልፈርድባትም፣ ሂሳቡን የምትይዘው እሷ ናት።