በፐርሰንት የተጻፈ ጥርጣሬ



ጂሲ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን በዚህ ወቅት የሚያስጨንቃቸው ድሮ አድቫይዘርና ፕሪንት ቤት ነበር። አሁን አንድ ተጨምሯል፤ የመመረቂያ ጽሑፍን አይቶ “ይህን ያህሉ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተጻፈ ነው” የሚል ሶፍትዌር። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወንድማችን ከዐስር ሶላት በኋላ ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየን፦ 64 በመቶ። ሌሊት ሌሊት ዶርም ውስጥ ሲጽፍ አይተነዋል። አድቫይዘሩ ግን “ታዲያ ማሽን ይዋሻል?” አሉት።

አይዋሽም፤ ይገምታል እንጂ። እንዲህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ማን እንደጻፈ የሚያይበት ዓይን የለውም። ከአንድ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ምን ያህል የሚጠበቅ እንደሆነ ይለካል፤ አጻጻፉ በጣም የሚጠበቅ ከሆነ “ማሽን ነው” ይላል። እንግሊዝኛን ከመማሪያ መጽሐፍ የተማርን፣ የምናውቃቸውን ጥቂት አባባሎች እየደጋገምን የምንጽፍ እኛስ? በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል ድርሰቶች ለሰባት መለያዎች ሰጥተው ነበር። መለያዎቹ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትን “የማሽን ሥራ” ብለው ፈረጇቸው።

ቁጥሩም ቢሆን ብዙ ጊዜ በስህተት ይነበባል። 64 በመቶ ማለት “ተማሪው ያታለለበት ዕድል 64 በመቶ ነው” ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ከጽሑፉ ምን ያህሉን ማሽን ጻፈው ብሎ እንደገመተ ነው። ግምቱ ራሱ ምን ያህል እንደሚታመን ሌላ ጥያቄ ነው።

ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕን ኤአይ ራሱ በ2023 መጀመሪያ ላይ አንድ መለያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ሙከራ ማሽን ከጻፈው የያዘው 26 በመቶውን ሲሆን፣ ሰው ከጻፈው ደግሞ 9 በመቶውን በስህተት ጠርጥሯል። እናስላው። ከ100 ተማሪዎች 20ዎቹ በማሽን አስጽፈዋል እንበል። ከእነሱ 5 ያህሉ ይያዛሉ፤ ራሳቸው ከጻፉት 80ዎቹ ደግሞ 7 ያህሉ ይከሰሳሉ። ከተጠረጠሩት 12 ተማሪዎች የሚበዙት ንጹሐን ናቸው ማለት ነው። ለፈተና ሸምድደን የረሳነው የቤይዝ ቲዎረም ይኸው ነው። ኩባንያው መለያውን በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ “ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው” ብሎ አነሳው።

ከዚያ ወዲህ የተሻሉ አሉ ይባላል፤ ይሁን። የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ግን የተርኒቲንን መለያ በነሐሴ 2023 ሲዘጋ ያቀረበው ስሌት ቀላል ነበር፦ ስህተቱ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በ2022 ከገቡለት 75,000 ጽሑፎች 750 ያህሉ በሐሰት ይጠረጠሩ ነበር።

ሁለቱ ስህተቶች ደግሞ እኩል አይደሉም። አንድ አታላይ ማለፉ ያሳዝናል፤ አንድ ንጹሕ ተማሪ ምርቃቱን ማጣቱ ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ተስፋ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ስለ ሑዱድ ሲያስተምሩ ዳኛ በይቅርታ ቢሳሳት በቅጣት ከመሳሳት ይሻላል የሚሉት ይህንኑ መዝነው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሑዱድ ጉዳይ ነው እያልን አይደለም፤ ሚዛኑ ግን አንድ ነው።

እዚህ ላይ እርስ በርሳችን እንተዛዘን። ምዕራፍ ሁለትን በሙሉ ለቻትጂፒቲ ሰጥቶ፣ ሲጠየቅ “ተበደልኩ” የሚል በመካከላችን አለ። ይህ ማጭበርበር ነው፤ ጀመዓው ለእሱ ጠበቃ አይቆምም። በንጹሐኑ ላይ ጥርጣሬ እንዲበዛ የሚያደርገውም እሱ ነው።

መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው ማሽኑን እንዲጥሉት አይደለም። ቁጥሩ የጥያቄ መነሻ ይሁን፤ ተማሪውን ጠርተው ይጠይቁት። እናንተም ረቂቆቻችሁን አትሰርዙ፤ በየቀኑ የተለያየ ስም እየሰጣችሁ አስቀምጡ፤ መጠይቆቻችሁንና በእጅ የጻፋችኋቸውን ማስታወሻዎች አትጣሉ።

ያ ወንድማችን በፍላሽ ላይ አሥራ አንድ ረቂቅ ነበረው። አድቫይዘሩ ሁለቱን ከፍተው አዩ፤ ከዚያ ስለሰበሰበው ዳታ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠየቁትና ፈረሙለት።