ለእባቡ ምርጫ እንስጠው

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» በሚባልበት አገራችን እባብን ቤት ውስጥ ማሳደግ እንግዳ ነገር ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን ብዙዎች ያሳድጉታል። በተለይ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተወላጅ የሆነው፣ መርዝ የሌለው ሮያል ፓይተን የተባለው ዘንዶ እጅግ ተወዳጅ ነው። ይህ እንስሳ ወደ አዲስ መኖሪያ ሲዛወር ብዙ ጊዜ ተደብቆ ይውላል፤ ምግብም እምቢ ይላል። የተጨነቀው ባለቤት ታዲያ ያወጣዋል፣ ያቅፈዋል፣ አይጥ ደጋግሞ ያቀርብለታል። በእኛ አስተያየት ግን እባቡ የጎደለው ፍቅር ሳይሆን ምርጫ ነው፤ ምርጫውንም የሚያስገኝለት ፊዚክስ ነው።

እባብ «ደመ ቀዝቃዛ» ነው ሲባል ደሙ ዘወትር ይቀዘቅዛል ማለት አይደለም፤ የሰውነቱን ሙቀት በአብዛኛው ከአካባቢው ያገኛል ማለት ነው። እኛ ሲሞቀን ያልበናል፣ ሲበርደን እንንቀጠቀጣለን። የእርሱ ዋነኛ መሣሪያ ግን ቦታ መለወጥ ነው። የበላው እንዲፈጭለት ወደ ሞቃቱ ይሳባል፤ ሲበቃው ወደ ቀዝቃዛው ይመለሳል። ስለዚህ የመኖሪያው አንዱ ጫፍ 32፣ ሌላው 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሊሆን ይገባል። ሁሉንም ቦታ 29 ዲግሪ ያደረገ ሰው አማካዩን ጠብቋል፤ ሆኖም ምርጫውን አጥፍቷል። እንስሳ በአማካይ አይኖርም።

ሙቀት በንክኪ፣ በአየር ዝውውርና በጨረር እንደሚተላለፍ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ከጣሪያው ሥር የተሰቀለ ቴርሞሜትር ግን የሚናገረው ስለዚያ ቦታ አየር ብቻ ነው፤ እርሱ ደኅና ነው ሲል የወለሉ ማሞቂያ የእባቡን ሆድ ሊያቃጥል ይችላል። ስለሆነም መለካት ያለብን እባቡ በሚተኛበት ቦታ ነው፤ ማሞቂያውም በቴርሞስታት ሊገዛ ይገባል። የመስታወት ሣጥንን ለፀሐይ ማጋለጥ ደግሞ ሊገድለው ይችላል። መስታወት የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፤ ከውስጥ የሚመነጨውን ረጅም ሞገድ ያለውን ኢንፍራሬድ ጨረር ግን አያሳልፍም፤ የሞቀውም አየር እንደ ልብ አይወጣም።

የስሜት ሕዋሳቱንም እናስብ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሮያል ፓይተን ይበልጥ የሚሰማው ከ80 እስከ 160 ኸርዝ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ ሲሆን፣ የሚሰማውም በራስ ቅሉ ንዝረት አማካይነት ነው። ስለዚህ መኖሪያውን ከድምፅ ማጉያና ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ማራቅ ይገባል። በከንፈሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ደግሞ ኢንፍራሬድ ጨረርን ይለያሉ። የ33 ዲግሪ ሙቀት ያለው የእጃችን ቆዳ ከሁሉ አብልጦ የሚያመነጨው 9.5 ማይክሮሜትር ገደማ ርዝመት ያለውን ሞገድ ነው። እኛ በፍቅር የምንዘረጋው እጅ ለእንግዳው እባብ ትልቅ፣ ሞቃትና የሚቀርብ አካል ነው፤ አዳኝ አይደለም ብሎ እንዲያምን የሚያደርገው ምክንያት የለም።

እንግዲህ መፍትሔው ቀላል ነው። በሁለቱም ጫፍ ጠባብ መደበቂያ ይኑር፤ አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ ከሙቀትና ከደኅንነት አንዱን ለመተው ይገደዳል። ንጹሕ ውኃና በቂ እርጥበት ይዘጋጅለት። ከዚያም አንድ ሳምንት ያህል ሳይነካና ምግብ ሳይቀርብለት ይቆይ። ምግቡን እምቢ ካለም በማግሥቱ ሳይሆን ከሳምንት በኋላ ይሞከር። ጤነኛ የሆነ ጎልማሳ ዘንዶ ለሳምንታት ሳይበላ መቆየት ይችላል፤ ነገር ግን ክብደቱ በግልጽ ከቀነሰ ወይም አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ማስተካከያ ሲደረግም አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ ይለወጥ። ሙቀቱን፣ መደበቂያውንና ምግቡን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው እባቡ ቢበላ እንኳ ምክንያቱን አያውቅም።

ይህን ስንል ተማሪዎቻችን ከሜዳ እባብ ይያዙ ማለታችን አይደለም፤ አደገኛም ስለሆነ አጥብቀን እንቃወመዋለን። የምንለው፣ በእጃችን የገባን ሕያው ፍጡር መንከባከብ እኛን ደስ የሚያሰኘንን ማድረግ አይደለም ነው። በትክክል ለክቶ ማዘጋጀት፣ ከዚያም እጅን መሰብሰብ እንክብካቤ ነው፤ ቸልተኝነት አይደለም።