የትብብር ደብዳቤ ሰጥቶ መሸኘት ይብቃ

ይድረስ ለተማርኩበት ኮሌጅ የሙያ ማዕከል ኃላፊ

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወደምሠራበት የሂሳብ ክፍል ሰሞኑን ሁለት ተማሪዎቻችሁ መጥተው ነበር። የያዙት ያንኑ የማውቀውን ወረቀት ነው፦ «ለሚመለከተው ሁሉ»፣ «ተገቢው ትብብር ይደረግላቸው»፣ ከሥሩ ማኅተም። ምን ሊለማመዱ እንደመጡ ብጠይቅ አንዷ «የሰጣችሁንን» አለችኝ። ከኮሌጁ ማን እንደሚከታተላቸውም አያውቁም።

ያደረጋችሁትን አልክድም። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ሲጀመር ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር አስጠንታችኋል። ሚሌኒየም አዳራሽ የሥራ ዐውደ ርዕይ ሲኖርም ተመራቂዎቹን ወስዳችኋል። ይመስገን። ሁሉንም አንድ ዓይነት ሲቪ ማስያዛችሁንም ልለፈው።

የማላልፈው ልምምዱን ነው። ታሪኩን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ በእኛም ጊዜ እንዲሁ ነበር። ደብዳቤ ይዞ ከገርጂ እስከ ሃያ ሁለት ፎቅ ለፎቅ መዞር የተማሪው ዕጣ ነው። ዘመድ ያለው ባንክ ይገባል፤ የሌለውን ጥበቃው ከበር ይመልሰዋል። የገባውም ፎቶ ኮፒ ሲያነሳና ፋይል ሲደረድር ከርሞ፣ የግምገማ ቅጹ ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ተሞልቶለት ይወጣል። ኮሌጁም ያንን አይቶ ውጤት ይሰጣል። ተማሪውም፣ ድርጅቱም፣ ኮሌጁም እውነቱን ያውቃሉ፤ ሁሉም ይፈርማሉ። የባንክ ሂሳብ አስታርቆ፣ ፔሮል ሠርቶ፣ ወርኃዊ ቫት አሳውቆ የማያውቅ ልጅ በአካውንቲንግ ይመረቃል።

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ሠራተኛን እስከ 60 የሥራ ቀናት ለመሞከር እየፈቀደለት፣ ቀጣሪው ለጀማሪ ቦታ እንኳ «2 ዓመት ልምድ» ይላል። ኮሌጆቹ ደግሞ ከመውጫ ፈተናው 50 ማምጣትን የትምህርት ሁሉ መደምደሚያ አድርገውታል። ነገር ግን ቀጣሪን መውቀስ የሚያምርብን የራሳችንን ስንሠራ ነው።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ማኅተም ከመምታታችሁ በፊት ድርጅቶቹን እናንተው አነጋግሩ። ተማሪው ምን ሠርቶ እንደሚወጣ በጽሑፍ ተዋዋሉ። መምህር ልካችሁም በቦታው እዩት። እኔም በክፍሌ ቦታ አስፈቅዳለሁ፤ ግቢው የእኔም ነውና። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ልምምዱን ከነአካቴው ሰርዙት። ላልተሠራ ሥራ ውጤት መስጠት ማታለል ነው።

የቀድሞ ተማሪያችሁ