አጸዱ ጠባቂ አለው፤ ሥልጣን ይሰጠው

ከሐሙሲት ተነስቶ በአንበሳሜ በኩል ወደ እስቴ የሚጓዝ ሰው፣ ከታረሰው መሬት መሀል ጥቅጥቅ ያለ ደን ካየ ውስጡ ታቦት እንዳለ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ወይራ፣ ጥድ፣ ዋንዛና ዶቅማ በደቡብ ጎንደር ዛሬ ተጠግተው የቀሩት በአብዛኛው በአጸደ ቤተ ክርስቲያን ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዞኑ በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ባካሄዱት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ይህን ሁሉ ያቆየው ባለደመወዝ የደን ዘብ አይደለም። ቄሰ ገበዙ ነው፤ በጎጆው ዜማ የሚቀጽለው፣ ቅኔ የሚቆጥረው የአብነት ተማሪ ነው፤ አባቱ የተቀበረበትን ዛፍ መቁረጥ ድፍረት የሚሆንበት ገበሬ ነው።

ጣሊያኖች በ1930 ዓ.ም. ገደማ ከአውሮፕላን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከቅርብ ዓመታት የሳተላይት ምስሎች ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ ደኖቹ በአብዛኛው በቦታቸው እንዳሉ አይተዋል። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው። አሁን ሞፈሩ እስከ ደኑ ጠርዝ ይደርሳል፤ ከብቱም ገብቶ ችግኙን ይረግጣል፣ ይግጣል። አረጋዊው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ የለውም።

ጠባቂው ሥልጣን ሲያጣ ምን እንደሚከተል መንዝ አሳይቶናል። በዚያ ጓሳ የተባለውን የሣር ሜዳ ከ400 ዓመት በላይ ያቆየው ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነበር፤ ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች አማካይነት ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲፈቀድ ብቻ ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ የአለቆቹ ሥልጣን ፈረሰ፤ ጓሳም ለደፈረው ሁሉ ክፍት ሆነ። ሕዝቡ ጥበቃውን መልሶ ለማቋቋም፣ በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ለማሰኘትም ዓመታት ፈጅቶበታል። ያው አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን ርስት ቢወርስም አጸዱና ጠባቂዎቹ ግን በቦታቸው ቆዩ። የዚህ ጋዜጣ አቋም ከዚህ የሚመነጭ ነው፦ ደኑን የሚጠብቀው አጠገቡ የሚኖር፣ «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ስለዚህ የአጸዱ ደን ወሰኑ ተለክቶ በይዞታ ደብተር ይስፈር። ወሰን የገፋውንም ሰበካ ጉባኤው በግዝት ብቻ ሳይሆን በሕግም ይጠይቀው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ከወቀሳ አታመልጥም። ለገቢ ሲባል በአጸድ ውስጥ የሚተከለው ባሕር ዛፍ፣ ቦታ የሚሻማው የሲሚንቶ መቃብር፣ አገር በቀል ዛፍ ተቆርጦ የሚሠራው አዳራሽ፤ እነዚህን የውጭ ሰው አላመጣቸውም። ደብሩ ገንዘብ እንደሚያስፈልገው እናውቃለን። ሆኖም ባሕር ዛፉ ከአጸዱ ውጭ ይተከል፤ ሀገረ ስብከቱም ይህን በመመሪያ ያጽና።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በደብረ ሰናና በዣራ አብያተ ክርስቲያናት በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠርቷል፤ ድንጋዩ ከማሳ ሲለቀም እርሻውም ይጠራል፣ ካቡም ከብት ያግዳል። እንዲህ ያለ በሁለት በኩል የሚጠቅም ሥራ በእኛ አገር ብዙ አይገኝም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ የተተከለውን ችግኝ በቢሊዮን እንቆጥራለን፤ የአገር በቀሉ ዘር ከሚለቀምባቸው እናት ዛፎች ብዙዎቹ ግን ካብ እንኳ የላቸውም። የደኑ ጉዳይ የውሃም ጉዳይ ነው፦ የጉማራ ወንዝ ከጉና ተነስቶ ደራንና ፎገራን እያካለለ ጣና ሲገባ ተሸክሞት የሚሄደው አፈር የእነዚሁ የተራቆቱ ኮረብቶች ነው፤ ከጣና ዓሦች አንዳንዶቹ ለመራባት ሽቅብ ከሚወጡባቸው ወንዞችም አንዱ ይኸው ነው።

የዞኑ የግብርናና የመሬት አስተዳደር ኃላፊዎች ከሀገረ ስብከቱ ጋር ተቀምጠው የየደብሩን ወሰን መለካት ይጀምሩ፤ የካቡም ሥራ በበጋው የተፋሰስ ልማት ዕቅድ ውስጥ ይግባ። ምእመናንም ለደብራችሁ ሲሚንቶ ከመሳላችሁ በፊት ቄሰ ገበዙን ካቡ የት ላይ እንደፈረሰ ጠይቁ።