ቍርና የለሰለሰ ምላጭ

በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወጥቶ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በእንጦጦ ፓርክ፣ በባሕር ዛፉ ሥር የሚመላለስ ሁሉ፣ ቍሩ ከሕዋሳቱ አስቀድሞ የሚይዘው ጣቱን እንደ ሆነ ያውቃል። በፓርኩ አደን የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ነገር ግን ይኸው የደጋ ቍር በባሌና በአርሲ ተራሮች፣ የደጋ አጋዘን ለማደን በፈቃድ ከባሕር ማዶ የሚመጡ እንግዶች ጠመንጃ በያዙበት ስፍራ፣ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል።

ከአውሮፓ የአደን ጠመንጃዎች አንዳንዶቹ ሁለት ምላጭ አላቸው። የኋለኛው ሲሳብ የፊተኛው እጅግ ይለሰልሳል፤ ቀድሞ ኪሎ ተኩልና ከዚያም በላይ ኃይል ይጠይቅ የነበረው፣ አሁን ጥቂት መቶ ግራም ወይም ከዚያም ያነሰ ንክኪ ይበቃዋል። ሩቅ ዒላማን ሳይናወጡ ለመምታት የተሠራ ብልሃት ነውና በራሱ አይነቀፍም፤ ሆኖም ደኅንነቱ ሁሉ በአንዲት ጣት ስሜት ላይ የቆመ ስለ ሆነ፣ ጣቲቱ ስትደነዝዝ ወይም ወፍራም ጓንት ስትለብስ፣ ዘበኛው በበሩ ላይ እንቅልፍ እንደ ጣለው ያህል ነው። ቍሩ ወደ ብረቱም ይገባል፦ ወፍራም ዘይት ረግቶ ምላጩን ያለግመዋል፤ ከብርድ ወደ ሞቀ ድንኳን የገባ ብረት ያላበው እርጥበት ንጋት ላይ በረዶ ይሠራል፤ በሚገባ ያልተያዘውም ምላጭ በመደናቀፍ ወይም ቃታ በመዝጋት ብቻ በቅጽበተ ዓይን ሊተኵስ ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከአዳኙ ይልቅ ከፊቱ የሚሄደው ሰው ነው። በቀጭኑ የተራራ መንገድ መሪውና ዱካ ተከታዩ፣ የአገሩ ልጆች፣ ከአፈሙዝ ፊት ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው ያለው ምላጭ መለስለሱን አለመለስለሱን ዞረው ሊያዩ አይችሉም። ስለዚህ በጉዞ ላይ ጠመንጃው ጥይት አይጉረስ፤ የኋለኛው ምላጭም የሚሳበው አውሬው ተለይቶ፣ አፈሙዙ ወደ እርሱ ቀንቶ፣ በዚያ አቅጣጫ ሰው አለመኖሩ ከታወቀ በኋላ ብቻ ይሁን። አውሬው ሳይተኰስበት ከሄደ፣ ጣትን ከምላጩ አርቆ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት መልሶ፣ ቃታውን ከፍቶ ጥይቱን ማውጣት ይቀድማል፤ ምላጩን ወደ ቦታው መመለስ ከዚያ በኋላ ነው። ጓንት ማውለቅ ለማይችል ሰው ደግሞ የኋለኛውን ምላጭ ጨርሶ መተው ይሻለዋል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ይደነግጋል፤ ጣቱ በቍር የደነዘዘውን ባለ ፈቃድ ግን የሚያየው በአጠገቡ ያለው መሪ ነው። አደን የሚያስተናግዱ ድርጅቶች፣ መሪው ለእንጀራው ሳይፈራ፣ «ጌታዬ፣ ቃታውን ይክፈቱልኝ» የማለትን ሥልጣን በውሉ ጽፈው ይስጡት።